ለዚያ ሰውዬ ንገሪው

እኛ ቤት ሁለት ሃይማኖት ነበር፤ አንደኛው ካቶሊክ፣ ሁለተኛው ፎርድ። በአንደኛው መቀለድ ይቻላል። አባቴ ሲሪያኮ ባሳልዱአ ቄሱን በአደባባይ "አንተ ሆዳም" ብሎ የሰደበ ሰው ነው፤ ማንም ምንም አላለውም፣ ቄሱም የእውነት ሆዳም ስለነበሩ ዝም አሉ። ፎርድን በክፉ ያነሳ ግን እንኳን እሱ ውሻውም በኛ ደጅ በሰላም አያልፍም።

ሳን ኢላሪዮ ትንሽ የአርጀንቲና ከተማ ናት። አንድ አደባባይ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት ክበብ። ከአደባባዩ በስተግራ የፎርድ ወዳጆች ይጠጣሉ፣ በስተቀኝ የሼቭሮሌት ወዳጆች ይጠጣሉ። ገለልተኛ ሆኖ የኖረው መሀል ላይ የቆመው የጄኔራሉ ሐውልት ብቻ ነው፤ እሱም ፈረስ ላይ ስለተቀመጠ ነው።

አባቴ በጎሚስታችን በር ላይ "የሼቭሮሌት ጎማ አንነፋም" የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ ኖረ። እሱ አርጅቶ እኔ ስረከበው ሰሌዳውን አላወረድኩትም፤ ገበያ ነው። የፎርድ ሰዎች እሱን አይተው ደረታቸውን ነፍተው በፊት በር ይገባሉ። የሼቭሮሌት ሰዎች ደግሞ አባቴ ምሳውን በልቶ ሲያንኮራፋ በጓሮ በር ይገባሉ። ጎማ ሲተነፍስ ወገን አይለይም።

እኔ ዴልሚራ ነኝ፣ የበኩር ልጁ። ለምን አላገባሽም ይሉኛል። በልጅነቴ አኒባል የሚባል ዳቦ ጋጋሪ አበባ ይዞ ሊጠይቀኝ ቤታችን መጥቶ ነበር። የመጣው ግን በሼቭሮሌት ነበር። አባቴ በመስኮት አየውና "መንገድ ጠፍቶት ነው" ብሎ መጋረጃውን ዘጋ። አኒባል ዛሬ የሼቭሮሌት ክበብ ሊቀመንበር ነው፤ ልጆች ወልዷል፣ ሚስቱም ወፍራም፣ ደስተኛ ሴት ናት። እኔ ደግሞ ኮምፕረሰር አለኝ።

ታናሽ ወንድሜ ኤቫሪስቶ የመኪና እሽቅድድም ነጂ ነው። ከላይ ሲያዩዋቸው የቤት መኪና የሚመስሉ፣ ኮፋኖአቸው ሲከፈት ግን አውሬ የሆኑ መኪኖች በሚሮጡበት በአገሩ ትልቅ ውድድር ላይ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በፎርድ ሮጧል። ስንት ጊዜ አሸነፈ? አንድም ጊዜ! ስንት ጊዜ ሁለተኛ ወጣ? እሱን እግዜርም መቁጠር ትቷል። ሰዉ እንደ ንጉሥ "ዳግማዊ ኤቫሪስቶ" ብሎ ስም አወጣለት፤ ዙፋኑ ግን ሁልጊዜ የሽልማት መድረኩ ሁለተኛ ደረጃ ነው።

መንዳት አይችልም እንዳትሉ። ይችላል፣ እሳት የላሰ ነጂ ነው። ችግሩ ልቡ ነው። አንድ ጊዜ በመጨረሻው ዙር እየመራ ሳለ ጥንቸል መንገድ ገባችበት። ሌላ ነጂ ቢሆን ጥንቸሏን ወጥ አድርጓት ያልፋል። የኛው ፍሬን ያዘ። ጥንቸሏ ተሻገረች፣ ከኋላው የነበረውም ተሻገረ። ሌላ ጊዜ ከፊቱ ያለው መኪና ከመንገድ ሲወጣ "ደህና ነው እንዴ?" ብሎ ዞሮ ሲያይ ሁለት ሰዎች ደርበውት ሄዱ። ጋዜጠኞቹ "ጨዋው ነጂ" ይሉታል። ጨዋ በእሽቅድድም ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ቤቱ የአንደኛ ዋንጫ የሌለው ማለት ነው።

አባቴ ግን ይወደው ነበር፣ ልክ አልነበረውም። ኤቫሪስቶ የመጀመሪያ ውድድሩን ሲሮጥ ሄልሜቱን በገዛ እጁ ሰማያዊ ቀባለት፤ የጎሚስታውን በር በቀባበት በዚያው ቀለም። ሄልሜቱ አርጅቶ ሲቀየርም አባቴ ብሩሹን ይዞ ይመጣል። "አንድ ቀን ብቻ፣" ይላል እየቀባ፣ "አንድ ቀን ብቻ ልጄ አንደኛ ሲወጣ ልይ፤ ከዚያ ብሞት አይቆጨኝም።" ኤቫሪስቶ አላሸነፈም፣ አባቴም አልሞተም፤ እንዲህ ተስማምተው ኖሩ።

ወንድሜ ሲበዛ ቀጭን ነው፣ ሚስማር በሉት። ሕጉ ደግሞ መኪናውና ነጂው ከነሄልሜቱ አንድ ላይ ተመዝነው ከተወሰነው ክብደት እንዳይወርዱ ይላል። የሌሎቹ ነጂዎች ቦርጭ ሚዛኑን ይሞላላቸዋል። ለኛው መካኒኮቹ ወንበሩ ሥር የእርሳስ ብረት እያሰሩ ነው የሚያሟሉለት፤ እሱንም ልክ ልኩን፤ ክብደት ፍጥነት ስለሚበላ እፍኝ ጨው እንኳን አያተርፉም። ስለዚህ ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነጂ እስኪመዘን ድረስ ምንም አይጥልም፣ ምንም አይቀበልም። በውሃ ጥም ምላሱ ቢደርቅ እንኳን ውሃ አይሰጡትም። ይህን በአርጀንቲና የማያውቅ የለም፤ ጡት ያልጣለ ልጅ ያውቀዋል።

የወንድሜን ፎርድ በገንዘብ የሚደግፈው የከተማችን ቋሊማ ፋብሪካ ነበር። ኮፋኖው ላይ አንዲት የምትስቅ አሳማ ተስላለች፤ ፋብሪካውን ከውስጥ ያየ ሰው ለምን እንደምትስቅ አይገባውም። ባለፈው ክረምት ባለቤቶቹ "ከእሽቅድድም ይልቅ እግር ኳስ ቋሊማ ያሸጣል" ብለው ገንዘባቸውን ወደ ኳስ ወሰዱ። አሳማዋ እየሳቀች ሄደች፣ ወንድሜ ያለ መኪና ቀረ።

ስልክ የደወለለት አንድ ቡድን ብቻ ነበር።

እሁድ ምሳችን ሁልጊዜ ጓሮ ነው። አባቴ ፍሙን አንጥፎ የጎድን ሥጋውን ከጠዋት ጀምሮ ቀስ እያለ ይጠብሳል፤ እሳቱ አጠገብ ማንም አይደርስም፣ ምክር የሰጠም ሰው ሥጋ አይሰጠውም። ያን እሁድ ኤቫሪስቶ ወይን ይዞ መጣ። ወይን ይዞ ሲመጣ ደግ ነገር የለም።

"አባዬ፣" አለ፣ "መኪና አገኘሁ።"

"እሰይ! አላልኩም? አላልኩም ወይ ዴልሚራ? የኔ ልጅ እኮ መንገድ ላይ አይወድቅም! የማን ቡድን ነው?"

"የሮሳሪዮ ከተማዎቹ።"

አባቴ ቢላዋውን አስቀመጠ። "የሮሳሪዮዎቹ ፎርድ የላቸውም።"

"የላቸውም።"

"ዶጅ ነው?" ድምፁ የልመና ሆነ። "ዶጅ ከሆነ ንገረኝ፣ አልቆጣም። ሰው ሲቸገር ዶጅም ይነዳል።"

"ሼቭሮሌት ነው አባዬ።"

አባቴ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ መንገድ ጠፍቶት የገባ እንግዳ ይመስል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ዴልሚራ፣" አለ፣ "ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ሥጋ አልቋል።"

የተጠበሰው ሥጋ እኮ ለአንድ ሻለቃ ጦር ይበቃል!

"አባዬ፣ ምን ላድርግ?" አለ ኤቫሪስቶ። "ሌላ ሥራ አላውቅም። ሌላ የጠራኝ የለም። ዕድሜዬም ሄዷል፤ ዘንድሮ ካልሮጥኩ ከርሞ ማንም አይፈልገኝም።"

"ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ጎማ መለጠፍ የሚባል ሥራ አለ።"

"እሱ ሥራ ተይዟል፣" አልኩ። "የያዝኩት እኔ ነኝ።"

"ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች።"

"አባዬ እንዲህ ይላል..." ብዬ ስጀምር፣ "ሰምቼዋለሁ!" ብሎ ጮኸብኝ ኤቫሪስቶ። ይኸው ነው እንግዲህ፤ አስተርጓሚ ምንጊዜም ከሁለት ወገን ነው የሚሰደበው።

በነጋታው አባቴ የልጁን ፎቶዎች ከሳሎን ግድግዳ አወረደ። ግድግዳው ላይ ነጫጭ አራት ማዕዘን ብቻ ቀረ። ከምሳው ግን አላባረረውም፤ ወንድሜም አልቀረም። ውድድር በሌለበት እሁድ ሁሉ ይመጣል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ መሀላቸው ሆኜ እሠራለሁ።

"ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ዳቦውን ያቀብለኝ።"

"ዳቦውን አቀብለው።"

"ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ አመሰግናለሁ አላልኩም።"

"አመሰግናለሁ አላለም።"

"ለአባዬ ንገሪው፣ አልጠበቅኩም።"

በትልልቅ ስብሰባዎች ላይ ለዚህ ሥራ ደመወዝ ይከፈላል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ የሚደርሰኝ ከሥጋው ጫፍ ጫፉ ነው፣ እሱም ያረረው።

አንድ እሁድ ኤቫሪስቶ ከሄደ በኋላ ሳህን እያጠብኩ "አባዬ፣ እስከ መቼ ነው?" አልኩት።

"ምኑ?"

"ምኑን ታውቀዋለህ። ልጅህ እኮ በየእሁዱ እየመጣ አፍህን ያያል። አንዲት ቃል፣ ስድብም ብትሆን በቀጥታ ብትናገረው ይበቃዋል።"

"ልጅ የለኝም፣" አለ አባቴ። "ነበረኝ፣ ኩርባ ላይ ከመንገድ ወጣብኝ።"

ተናደድኩ። በኔ ላይ መጋረጃ የዘጋ ሰው አሁን ደግሞ በልጁ ላይ አፉን ዘጋ። ሳህኔን ማጠብ ቀጠልኩ፤ ዝም አይነቅዝም።

ግን እዩት ያንን ሽማግሌ። ውድድር ያለ ቀን ሬዲዮኑን ብርድ ልብስ ውስጥ ከቶ ጆሮውን ይለጥፍበታል። አንድ ቀን ድንገት ገባሁበት።

"ምን እያዳመጥክ ነው?"

"የአየር ሁኔታ።"

"ምን ይላል?"

"ሦስተኛ ወጣ።"

"ማነው ሦስተኛ የወጣው?"

ትንሽ አሰበና፣ "ደመናው፣" አለኝ።

የሮሳሪዮ ሰዎች መኪናቸውን ቀይ ቀብተው ሄልሜቱንም ቀይ እናድርገው አሉት። "ሁሉንም እንደፈለጋችሁ፤ ይህችን ግን አትንኩብኝ፣" አላቸው። እንዲህ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ በቀይ መኪና ውስጥ ሰማያዊ ጭንቅላት ሲሮጥ ታየ። የሼቭሮሌት ሰዎች አጉረመረሙ፣ የፎርድ ሰዎች ተፉበት። ሁለቱን ወገን በአንድ ጊዜ ማስቀየም የሚችል ሰው ከወንድሜ ሌላ አላየሁም።

ታዲያ ጉድ በል ሳን ኢላሪዮ! ዳግማዊ ኤቫሪስቶ ነጥብ ማጠራቀም ጀመረ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ ሁለተኛ። ሌሎቹ አንድ ቀን ያሸንፋሉ፣ በሚቀጥለው መኪናቸውን ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። የኛው እንደ ጉንዳን ይሰበስባል። የመጨረሻው ውድድር ሲደርስ ከአገሩ ነጂ ሁሉ በነጥብ የሚበልጠው እሱ ሆነ። ነገር ግን የዚህ ውድድር ሕግ አንዲት ክፉ አንቀጽ አላት፤ በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያላሸነፈ ሰው የቱንም ያህል ነጥብ ቢይዝ ሻምፒዮን አይባልም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የመጨረሻውን ውድድር አንደኛ ከወጣ ሻምፒዮን ነው፤ ሁለተኛ ከወጣ ግን ያው ወንድሜ ነው።

ከተማው አበደ። አኒባል የዳቦ መጋገሪያውን ዘግቶ በግ አስጎተተ፣ "ሻምፒዮናችን" የሚል ጨርቅ አሰፋ። የፎርድ ክበብ ሊቀመንበር ቲቡርሲዮ ደግሞ፣ ሁልጊዜ የሚስቅ የሚመስል ግን ስቆ የማያውቅ ሰው ነው፣ ወደ አባቴ መጣ።

"ዶን ሲሪያኮ፣ ይሄዳሉ አይደል? የታንዲል ከተማው ልጅ፣ ያ ወጣት ነጂ፣ በፎርድ ያንን ከሃዲ ልክ ሲያስገባው ማየት አለብዎ። ክበቡን የመሠረቱት እርስዎ ነዎት፤ የፊት ወንበር ይገባዎታል።"

"እሄዳለሁ እንጂ፣" አለ አባቴ። "የታንዲሉን ልጅ ልደግፍ ነው የምሄደው።"

"ሌላ ለምን ይሄዳሉ!" አለ ቲቡርሲዮ።

"ሌላ ለምን እሄዳለሁ፣" አለ አባቴ፤ ያን ሌሊት ግን በአልጋው ላይ ሲገላበጥ ነው ያደረው፤ ክፍሌ ከክፍሉ ጋር ግድግዳ ይጋራል።

ሳን ኢላሪዮ በሁለት አውቶቡስ ሄደች። ሰዉ ከሐሙስ ጀምሮ ድንኳን ተክሎ፣ ሥጋ እየጠበሰ፣ ወይን እየጠጣ የውድድሩን ሜዳ ሞልቶታል። ከመንገዱ በዚህ በኩል ፎርድ፣ በወዲያ በኩል ሼቭሮሌት፤ መሀሉ ላይ ፖሊስ። እኛ ከፎርዶቹ ጋር፣ ከሁሉም ፊት፣ የሽቦ አጥሩ ሰው ትከሻ ብቻ በሚደርስበት ቦታ ላይ ተቀመጥን። አባቴ ታጣፊ ወንበሩ ላይ፣ እኔ እንደ ሻይ የሚጠጣውን የማቴ ቅጠልና የፈላ ውሃ ይዤ፣ ቲቡርሲዮ የወይን ጠርሙሱን አቅፎ።

የታንዲሉ ልጅ ከመነሻው መራ። ወንድሜ ሁለተኛ ሆነ። ሰዉ ተረጋግቶ ሥጋውን ይበላል፤ ኤቫሪስቶ ሁለተኛ ሲሆን ማን ይደነግጣል? ዙር መጣ፣ ዙር ሄደ፤ ቀዩ መኪና የሰማያዊውን ፎርድ ፓራውልት እየላሰ ይከተላል፣ አያልፍም።

"ዓለም በቦታዋ ናት ዶን ሲሪያኮ፣" አለ ቲቡርሲዮ ወይኑን እየቀዳ።

ለአባቴ የማቴ ጽዋውን ሰጠሁት፣ ይዞ ተቀመጠ እንጂ አልጠጣም።

በመጨረሻው ዙር፣ ከኛ ፊት ለፊት ባለው ኩርባ፣ የታንዲሉ ልጅ ፍሬን ለመያዝ ዘገየ። ወጣት ነው፣ ድሉን በዓይኑ አየው፣ ቸኮለ። የጎን ጎማዎቹ ሣር ላይ ወጡ፣ አፈር ወደ ሰማይ ተበተነ። እኔ በልቤ "በቃ፣ ይህ ቂል ወንድሜ 'ደህና ነው እንዴ?' ብሎ ይቆምለታል" አልኩ። ወንበሩ ሲወድቅ ሰማሁ። አባቴ ቆሟል፤ አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጧል፤ በጥርሱ መሀል ያጉተመትማል።

"ፍሬን እንዳትይዝ... እንዳታይ ወደ ጎን... እንዳታይ አንተ አህያ..."

አላየም! በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አላየም። ማርሽ ቀነሰ፣ በውስጥ በኩል ሾለከ፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው፣ ወጣ!

"ሂድ!" አባቴ ጮኸ። "ሂድ ልጄ! ሂድ! ልጄ ነው! ልጄ ነው እኮ!"

በፎርድ ወገን መሀል ቆሞ ለሼቭሮሌት የጮኸ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከነበረም ተርፎ አላወራም። በዙሪያችን ያለው ሕዝብ ሥጋው አፉ ውስጥ እንዳለ ደረቀ። ቀዩ መኪና መስመሩን አለፈ፣ አንደኛ! ቲቡርሲዮ ተነሣና ጠርሙሱን በአባቴ ራስ ላይ ደፋው። ወይኑ በሽበቱ፣ በቅንድቡ፣ በአገጩ ይወርዳል፤ አባቴ አልጠረገውም።

"አፍሱት!" ይላል። "ሌላም ካላችሁ አፍሱት! ሃያ ዓመት የጠበቅኩት እኔ ነኝ! እናንተ ናችሁ?"

እኔም አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ። የዚያን ግትር ሽማግሌ እጅ ይዤ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ኤቫሪስቶ የድሉን ዙር ቀስ ብሎ እየነዳ መጣ። እኛ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከፎርዶቹ አጥንት ይወረወራል፣ ጠርሙስ ይወረወራል፤ እሱ ቀበቶውን ፈታ፣ በመስኮቱ ወጣ፣ ወደ አጥሩ መጣ። አባቴ ሁለት እጁን በአጥሩ ላይ አሳልፎ ዘረጋ። ወንድሜ እጆቹን አየ። አባቴን አየ። ሰማያዊውን ሄልሜት ከራሱ አወለቀና እጆቹ ላይ አስቀመጠለት። ተመልሶ ገባ፣ ነዳ፣ ሄደ።

እኔ ሞኟ አጨበጨብኩ! "እንዴት ደስ ይላል" እያልኩ! ቲቡርሲዮ ብቻ፣ ያ እባብ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

"ዶን ሲሪያኮ፣" አለ፣ "ያቺን ነገር አጥብቀው ይያዟት። ክብደት አላት።"

ያኔ ገባኝ። አባቴም ገባው። ፊቱ ከወይኑ ሥር ሲገረጣ አየሁት። ሚዛኑ! ወይ ነዶ! ነጂው ከነሄልሜቱ ነው የሚመዘነው!

አባቴ ሮጠ። ጉልበቱ ታሞ ደረጃ ስወጣ ደግፊኝ የሚለኝ ሰው፣ ሰማያዊ ሄልሜት በብብቱ ይዞ፣ ወይን እያንጠባጠበ፣ በአጥሩ ጥግ ጥግ ሮጠ። እኔ ከኋላው። "እዚህ ነው! ሄልሜቱ እዚህ ነው! አትመዝኑት! ጠብቁ!" ፎርዶቹ እግራቸውን እያስገቡ ሊጥሉት ሞከሩ፤ አልወደቀም። የሚዛኑ ግቢ በር ላይ ስንደርስ አንድ ጥበቃ ደረቱን በመዳፉ ያዘው።

"የት ነው አያቴ?"

"የልጄ ነው! ረስቶት ነው! አስገባኝ!"

"ከመኪናው የወጣ ነገር አይመለስም አያቴ። ሕግ ነው።"

"ሕጉን ከመወለድህ በፊት አውቀዋለሁ! አስገባኝ እባክህ።"

አባቴ "እባክህ" ሲል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። አላስገባውም። በሽቦው በኩል አየነው፤ ወንድሜ ራሱን ገልጦ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሲመዘን። የጎደለው ከሄልሜቱ ክብደት ያንሳል፤ አላልኳችሁም፣ እፍኝ ጨው አያተርፉም። ተሰረዘ። ድሉ ለታንዲሉ ልጅ፣ ሻምፒዮንነቱም ለሌላ ሰው ሄደ። ኤቫሪስቶ ሁለተኛ እንኳን አልሆነም።

ወደ ቤት ስንመለስ የፎርድ ክበብ የአባቴን ወንበር፣ በመስኮቱ ሥር ስንት ዘመን የተቀመጠበትን፣ አውጥቶ አስፋልቱ ላይ አስቀምጦታል። ከአደባባዩ ማዶ አኒባል ባርኔጣውን እያሽከረከረ ወደ እኔ መጣ።

"ዴልሚራ፣ በጉ... ሰዎቹ ተናደው በልተውታል። ዛሬ ወንድምሽ ወደ ክበቡ ባይመጣ ይሻላል።"

"አንድ በግ ሙሉ በንዴት በላችሁት?"

"ደግሞ... 'ፎርድ ሆን ብሎ ልኮብን ነበር' እያሉ ነው።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔ ሊቀመንበር ነኝ፣" አለኝ። ያን ጊዜ አባቴ መጋረጃውን በመዝጋቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንኩት።

ማክሰኞ የሮሳሪዮ ሰዎች ደውለው "እናመሰግናለን" አሉት። በእሽቅድድም ዓለም እናመሰግናለን ማለት ልብስህን ሰብስብ ማለት ነው። የወንድሜ ሥራ በዚህ አለቀ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ አንድም ድል ሳይኖረው፣ በሁለቱም ወገን ከሃዲ ተብሎ። ከዚህ የበለጠ የተሟላ ውጤት ማምጣት የሚችል ካለ ይምጣ።

እሁድ መጣ። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ፍሙን አነጠፈ። ኤቫሪስቶ ወይን ሳይዝ መጣ፤ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ከሳህኑ አላነሳም። ሄልሜቱ ጠረጴዛው ላይ፣ ዳቦው አጠገብ ተቀምጧል። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ በሄደበት ሁሉ ይዞት ይዞራል፤ ገበያ፣ ፀጉር ቆራጭ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ጭምር።

ሥጋው ቀረበ። ማንም አልጀመረም።

"ዴልሚራ፣" አለ አባቴ።

"አቤት።"

"ለዚያ ሰውዬ..."

አልጨረሰውም። ራሱን ነቀነቀ፣ ከነወንበሩ ዞረ። ወደ ወንድሜ።

"አንተ!"

ኤቫሪስቶ ቀና አለ።

"አንተ ደደብ! ሃያ ዓመት ሙሉ ስትነዳ ሚዛን የሚባል ነገር መኖሩን አታውቅም?"

"አውቃለሁ አባዬ።"

"ታዲያ ምን ነካህ?"

"እጅህን ዘረጋህልኝ እኮ፣" አለ ወንድሜ።

አባቴ ሹካውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። ሄልሜቱን በመዳፉ ዳበሰው፤ አንድ ጎኑ ላይ ቀለሙ ተልጧል፣ በሩጫው ጊዜ ከአጥሩ ጋር ተፋትጎ ነው።

"የዘረጋሁት በጥፊ ልልህ ነበር፣" አለ በመጨረሻ።

"በሁለቱም እጅ?"

"በሁለቱም።"

ዓይኑ ሞልቶ ነበር፣ የኔም፤ የወንድሜን ማየት አልቻልኩም።

"ምን ታየኛለህ?" አለው አባቴ። "ጨው አቀብለኝ።"

ኤቫሪስቶ አቀበለው። ማንም "ንገሪው" አላለኝም። ዓመት ሙሉ የሠራሁበት የአስተርጓሚነት ሥራ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሳ ተዘጋብኝ፤ ደግ አደረጉ፣ ሥጋዬን ሳይቀዘቅዝ በላሁ።